ሊኑክስ ፀረ ቫይረስ ያስፈልገዋልን?

በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና በሚገለገሉ ሰዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚል ነው። አባባሉን የተቀበሉ ሰዎች በኮምፒዩተራቸው ላይ ፀረ ቫይረስ መጫንን እንደ ከንቱ ድካም ይቆጥሩታል፤ ያልተቀበሉት ደግሞ ያለ ፀረ ቫይረስ በኮምፒዩተር መገልገል በርን ሳይዘጉ እንደ መተኛት ነው ይላሉ። ክርክሩ የምርጫና የጣዕም ክርክር ብቻ አይደለም። ዛሬ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ የባንክ ሂሳቡ የይለፍ ቃል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍና ከወዳጆቹ ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤ ሁሉ በአንድነት ይገኛሉ። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለቱም ወገን ከሚሰማው የስሜት ንግግር ተለይቶ፣ ከሥረ መሠረቱ ሊመረመር ይገባዋል።

ለመሆኑ የኮምፒዩተር ቫይረስ ምንድን ነው? ቃሉ የተወሰደው ከሕክምና ትምህርት ነው። በሕያው አካል ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ራሱን እንደሚያራባው ተዋህስ ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ቫይረስም በሌላ ፕሮግራም ላይ ተጣብቆ፣ ያ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር የራሱን ቅጂ ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያዛምት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ዎርም የሚባለው ደግሞ የሚጣበቅበት ፕሮግራም ሳያሻው፣ በራሱ ኃይል ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በመረብ እየተሻገረ ይባዛል። «የትሮይ ፈረስ» የተባለው ሦስተኛው ዓይነት ግን ራሱን አያባዛም፤ ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ በመቅረብ ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲያስገባው ያደርጋል። በተራ ንግግር ሦስቱም ቫይረስ ይባላሉ፤ ይሁን እንጂ ልዩነታቸውን መዘንጋት በሊኑክስ ላይ የሚነሣውን ክርክር ያደናግረዋል። ሊኑክስ የመጀመሪያውን ዓይነት በሚገባ ይከላከላል፤ በሦስተኛው ፊት ግን ከሌሎቹ ሥርዓቶች እምብዛም የተለየ አይደለም።

ሊኑክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያ ዓመት በኦገስት ወር አዲስ ሥርዓተ ክወና በመሥራት ላይ መሆኑን በኢንተርኔት አማካይነት ለሙያ ባልደረቦች አስታወቀ። አርአያ ያደረገው ዩኒክስን ነበር። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ፣ ኋላም አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲገለገሉበት ሆኖ ያደገ ሥርዓት ነው። አንድ ማሽን የሚጋሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ፣ አንዱም የሌላውን ምሥጢር እንዳያነብ የባለቤትነትና የፈቃድ ደንብ ማውጣት ግድ ሆነ። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው፤ ማን ሊያነበው፣ ማን ሊጽፍበት፣ ማንስ እንደ ፕሮግራም ሊያስነሣው እንደሚችል ተለይቶ ይመዘገባል። የሥርዓቱ ዋና ዋና ፋይሎች ሩት በተባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን እጅ ናቸው፤ ተራው ተጠቃሚ የሚያዝዘው በራሱ ማኅደር ላይ ብቻ ነው። ሊኑክስ ይህን ደንብ ከዩኒክስ ወርሷል።

ለግል ኮምፒዩተሮች የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስ ግን ለአንድ ሰውና ለአንድ ማሽን የታሰበ ስለነበር እንዲህ ያለ አጥር አልነበረውም። በዶስና እርሱን መሠረት አድርገው በተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዊንዶውሶች፣ የተነሣ ፕሮግራም ሁሉ የማሽኑን ማንኛውንም ክፍል መለወጥ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን በላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ብሬይን የተባለ ቫይረስ በዲስኬት አማካይነት ከአገር አገር የተዘዋወረው በዚህ ዓይነቱ ሜዳ ላይ ነው፤ የፀረ ቫይረስ ንግድም የበቀለው በዚያው ነው። ዊንዶውስ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። የዛሬው ዊንዶውስ የራሱ የፈቃድ ደንብ አለው፤ ዲፌንደር የተባለውን ፀረ ቫይረስም ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ስለሆነም የ1990ዎቹን ዊንዶውስ ከዛሬው ሊኑክስ ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም፤ ብዙ ተከራካሪዎች የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው።

የፈቃድ ደንብ ባለበት ቫይረስ አይገባም የሚለው ሐሳብ ገና ከጥንቱ በሙከራ የፈረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፍሬድ ኮኸን ቫይረስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሙከራ ያሳየው፣ ነገሩን አስገራሚ በሚያደርግ ሁኔታ፣ በዩኒክስ በሚሠራ ቫክስ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ኮኸን ቫይረሱን ለተጠቃሚዎች ጠቃሚ በሆነ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሸሸገው። ሰዎች ፕሮግራሙን ባስነሡ ቁጥር ቫይረሱ የእያንዳንዳቸውን ሥልጣን እየተዋሰ ወደ ሌሎች ፋይሎች ተዛመተ፤ በተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተያዘ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ኮኸን አጥሩን አለመስበሩ ነው። በሩን የከፈቱለት የበሩ ባለቤቶች ራሳቸው ነበሩ። ይኸው ሰው በዚያው ጥናቱ ማናቸውንም ቫይረስ ያለ አንዳች ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊጻፍ እንደማይችል በሒሳብ አስረድቷል፤ ይህም ለፀረ ቫይረስ ሻጮች ደስ የማያሰኝ እውነት ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ሮበርት ታፓን ሞሪስ የለቀቀው ዎርም በዩኒክስ የሚሠሩ ቫክስና ሰን የተባሉ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ። መግቢያ ያደረገው የደብዳቤ ማመላለሻውን ፕሮግራም ጉድለት፣ የሌላ አገልግሎት ሰጪ ፕሮግራም ስሕተትና በቀላሉ የሚገመቱ የይለፍ ቃሎችን ነበር። ዎርሙ ፋይል አላጠፋም፤ ነገር ግን በአንዱ ማሽን ላይ ደጋግሞ ስለሚባዛ ማሽኖቹ ከሥራ ውጭ እስኪሆኑ ድረስ አጨናነቃቸው። በዚያን ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኙት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች መካከል 6,000 የሚሆኑት እንደተጠቁ ተገምቷል።

ሊኑክስም በተራው ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1996 ስታኦግ፣ በ1997 ደግሞ ብሊስ የተባሉ ቫይረሶች ተገኙበት። የብሊስ ጠባይ እንኳ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ የጻፈው ሰው «እባክህ ፋይሎቹን ልቀቅ» የማለት ያህል በጨዋ ቃል ሲጠየቅ ቫይረሱ ራሱን እንዲነቅል የሚያደርግ ትእዛዝ ጨምሮበት ነበር። ሁለቱም ሩቅ ሳይሄዱ ቀሩ።

ለምን ቀሩ? አንድ ተላላፊ በሽታ በሕዝብ መካከል ወረርሽኝ ሊሆን የሚችለው፣ አንዱ ሕመምተኛ በአማካይ ከአንድ ለሚበልጡ ሰዎች ያስተላለፈው እንደሆነ ነው፤ ከዚያ ባነሰ መጠን የሚተላለፍ በሽታ በራሱ ጊዜ ይከስማል። ለኮምፒዩተር ቫይረስም ሕጉ ይኸው ነው። በሊኑክስ ላይ ይህን መጠን ዝቅ ያደረጉት ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸው። ተራው ተጠቃሚ የሥርዓቱን ፕሮግራሞች ሊለውጥ ስለማይችል፣ በእርሱ ስም የተነሣ ቫይረስም ሊጣበቅባቸው አይችልም። በተጨማሪም ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል በሊኑክስ ላይ እንደ ፕሮግራም የመነሣት ፈቃድ ሳይሰጠው ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ፈቃዱን ለይቶ ካልሰጠው በቀር ሰነድ መስሎ የመጣ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ስለተነካ ብቻ አይነሣም። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2000 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ዎርም የተዛመተው ሰዎች በኢሜይል የደረሳቸውን አባሪ በመክፈታቸው እንደነበር ማስታወስ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን የፕሮግራም ግምጃ ቤት ሊባል የሚችለው አሠራር ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ሌሎችም የሊኑክስ ዝርያዎች በአስር ሺሕ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን መርምረውና አዘጋጅተው በራሳቸው ግምጃ ቤት ያስቀምጣሉ። የሊኑክስ ተጠቃሚ የጽሑፍ ማዘጋጃም ሆነ የሙዚቃ ማጫወቻ ሲያስፈልገው ባልታወቁ ድረ ገጾች ሲንከራተት አይውልም፤ ከግምጃ ቤቱ ያወጣዋል። እያንዳንዱ ጥቅል በማኅተም የተረጋገጠ ስለሆነ፣ በመንገድ ላይ የተለወጠ እንደሆነ የተጠቃሚው ኮምፒዩተር አይቀበለውም። ከዚህም በላይ አንዲት የማዘመኛ ትእዛዝ ሥርዓተ ክወናውን ብቻ ሳይሆን ከግምጃ ቤቱ የመጡትን ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ታድሳለች። ይህ አሠራር ከየትኛውም ፀረ ቫይረስ ይልቅ የሊኑክስን ተጠቃሚ ጠብቆታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው ግን የሚያኮራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ከነበሩት የቤትና የቢሮ ኮምፒዩተሮች መካከል በሊኑክስ የሚሠሩት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌባ የሚሰማራው ብዙ ቤት ባለበት ሰፈር ነው። በሌላ በኩል ሊኑክስ በብዛት በሚገኝበት ስፍራ አጥቂዎች ችላ አላሉትም። በዓለም ላይ ካሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ እጅግ ኃያላን ተብለው የሚመዘገቡት 500ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በሙሉ በሊኑክስ ይሠራሉ፤ የአንድሮይድ ስልኮች እምብርት ሊኑክስ ነው፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ሰርቨሮችም አብዛኞቹ በእርሱ ይተዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ራመን፣ በ2002 ደግሞ ስላፐር የተባሉ ዎርሞች የሊኑክስ ሰርቨሮችን እየፈለጉ አጥቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሣው ሚራይ በበኩሉ በሊኑክስ የሚሠሩ የጥበቃ ካሜራዎችንና የኢንተርኔት ማከፋፈያ መሣሪያዎችን ሰብስቦ እንደ ጦር አሰለፋቸው። ሚራይ የተራቀቀ ጥበብ አላሻውም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸውንና ባለቤቶቹ ያልለወጧቸውን 60 ያህል የይለፍ ቃሎች እየደጋገመ ይሞክር ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 21 ቀን ዳይን በተባለው ድርጅት ላይ የወረደው ጥቃት ብዙ የታወቁ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ከአገልግሎት አስወጥቷል።

እንግዲህ ሊኑክስ አይነካም የሚለው አባባል ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ሰርቨርና ካሜራ አንድ ነገር ሲሆኑ፣ በቤትና በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ኮምፒዩተር ሌላ ነገር ነው። ለዚህኛው ተጠቃሚ አደጋው ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አጥሩ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የፈቃድ ደንቡ የሚጠብቀው ሥርዓተ ክወናውን ነው። ሥርዓተ ክወና ግን ቢበላሽ ያለ ዋጋ ተገኝቶ በግማሽ ሰዓት ያህል እንደገና ሊጫን የሚችል ነገር ነው። ሊተካ የማይችለው በተጠቃሚው የግል ማኅደር ያለው ነው፤ ያ ማኅደር ደግሞ በተጠቃሚው ስም ለተነሣ ፕሮግራም ሁሉ ክፍት ነው። አንድ ክፉ ፕሮግራም የሩትን ሥልጣን ሳያገኝ በኢንተርኔት ማሰሻው ውስጥ የተከማቹትን የይለፍ ቃሎች ሊያነብ፣ ሰነዶችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ሊጠይቅ፣ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሱን ሊያስመዘግብ ይችላል። ኤክስ በተባለው በቀድሞው የመስኮት ሥርዓትማ አንዱ ፕሮግራም በሌላው መስኮት ውስጥ የሚተየበውን ፊደል ሁሉ ማዳመጥ ይችላል፤ በእርሱ እግር የተተካው ዌይላንድ ይህን ቀዳዳ ዘግቷል። የብዙ ተጠቃሚ መኖሪያ በሆነው በአሮጌው ዩኒክስ ላይ አጥሩ አንዱን ሰው ከሌላው ሰው ይጠብቅ ነበር፤ በዛሬው የግል ኮምፒዩተር ላይ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ከራሱ ፕሮግራሞች ደግሞ አጥሩ አያስጥለውም።

በተግባር የደረሱ ነገሮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 የማሳያ ገጽን የሚያስጌጥ የፏፏቴ ሥዕል ነው ተብሎ የቀረበ ጥቅል፣ የጫኑትን ሰዎች ኮምፒዩተር ሌሎችን ለማጥቃት የሚያውል ትእዛዝ ይዞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ ሥርዓቱን ለማውረድ የመጡ ሰዎች የተመረዘ ቅጂ ወደሚገኝበት ስፍራ እንዲመሩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ስናፕ በተባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም መደብር ውስጥ በታወቀ የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ስም የተቀመጠ ሐሰተኛ ፕሮግራም አንድን ሰው 9 ያህል ቢትኮይን አሳጣው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ደግሞ ተጠቃሚዎች ራሳቸው በሚያዋጡት የአርች ሊኑክስ ማከማቻ ውስጥ በታወቁ የኢንተርኔት ማሰሻዎች ስም የቀረቡ ሦስት ጥቅሎች ኮምፒዩተርን ከሩቅ ለማዘዝ የሚያስችል መሣሪያ ይዘው ተገኙ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ተወገዱ።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ግን ፍሪ ዳውንሎድ ማናጀር በተባለው ፋይል ማውረጃ ላይ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የፕሮግራሙ ድረ ገጽ ከሚጎበኙት የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ጥቂቶቹን ብቻ እየመረጠ፣ ለዴቢያን ዝርያዎች የተዘጋጀ የሚመስል የተመረዘ ጥቅል ወደሚገኝበት አድራሻ ይመራቸው ነበር፤ ሌሎቹ ትክክለኛውን ጥቅል ያገኙ ነበር። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ከበስተጀርባው ግን የተከማቹ የይለፍ ቃሎች፣ የተጎበኙ ድረ ገጾች ታሪክና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ፋይሎች ይሰረቁ ነበር። ነገሩ ለሕዝብ የተገለጸው የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ባወጡት መግለጫ ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተራቸው ያልተለመደ ጠባይ እንዳሳየ በኢንተርኔት ላይ ጠይቀው ነበር፤ የተጠረጠረ ግን አልነበረም። ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም የሚለው እምነት ለሌባው ጥሩ ጨለማ ሆኖለታል።

እነዚህን ክስተቶች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በአንዳቸውም ውስጥ ቫይረስ ከማሽን ወደ ማሽን አልተሻገረም፤ ተጠቃሚው በገዛ እጁ ተቀብሎ አስገባ፤ በአንዳንዶቹም የሩትን የይለፍ ቃል ጭምር በገዛ ጣቱ ተየበ። ሁሉም ማለት ይቻላል የመጡት ከተመረመረው ዋና ግምጃ ቤት ውጭ ነው።

ዋናው ግምጃ ቤት ራሱስ ከጥርጣሬ ነፃ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2024 የደረሰው ሲታይ ነፃ ነው ማለት አይቻልም። ኤክስዜድ የሚባለው ፋይሎችን አጭቆ የሚያሳንስ ትንሽ መሣሪያ በሁሉም የሊኑክስ ዝርያዎች ውስጥ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ለብዙ ዘመን ይንከባከበው የነበረው ግን በፈቃደኛነት የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ፣ እውነተኛ ማንነቱ ያልተገለጸ አንድ ተባባሪ ከ2021 ጀምሮ ጠቃሚ እርዳታ እየሰጠ ቀስ በቀስ እምነትን አተረፈ፤ በመጨረሻም አዳዲስ እትሞችን የማውጣት ሥልጣን አገኘ። ከዚያም በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ፣ ሰርቨሮችን ከሩቅ ለማስተዳደር የሚያገለግለውን ፕሮግራም በስውር የሚከፍት የጓሮ በር ሸሸገ። ጥቅሎቹ ትክክለኛ ማኅተም ነበራቸው፤ ማኅተም የሚያረጋግጠው ዕቃው በመንገድ አለመለወጡን እንጂ የሠሪውን ልብ አይደለም። በሙከራ ላይ የነበሩ አንዳንድ የዴቢያንና የፌዶራ እትሞች ተቀበሏቸው። የጓሮ በሩን ያገኘው ማንም ፀረ ቫይረስ አልነበረም። በማይክሮሶፍት የሚሠራው መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲሞክር ወደ ማሽኑ መግባት ከተለመደው ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው፤ ምክንያቱን ተከታትሎ ደረሰበትና እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ለሁሉም አስታወቀ። የጽሑፉ ምንጭ ለማንም ክፍት ባይሆን ኖሮ ፍሮይንድ እስከ ሥሩ ሊከታተለው ባልቻለ ነበር፤ ክፍት መሆኑ ብቻውን ግን ሰው እስኪያየው ድረስ አንዳች አልፈየደም።

ከዚህ በኋላ የፀረ ቫይረስን ጥቅም በልኩ መመዘን ይቻላል። ፀረ ቫይረስ በዋናነት የሚሠራው ከዚህ ቀደም የታወቁ ክፉ ፕሮግራሞችን ምልክት መዝግቦ፣ እያንዳንዱን ፋይል ከመዝገቡ ጋር በማስተያየት ነው። ስለዚህ አዲስ የተጻፈ ክፉ ፕሮግራም ምልክቱ እስኪመዘገብ ድረስ ሊያልፈው ይችላል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ማለት ነው። አንዳንዶቹ የፕሮግራሙን ጠባይ እያዩ ለመገመት ይሞክራሉ፤ ግምት ግን አንዳንዴ ንጹሑን ይከስሳል። በሊኑክስ ላይ ከሁሉ የታወቀው ነፃ ፀረ ቫይረስ ክላምኤቪ ሲሆን፣ ዛሬ የሚንከባከበው ሲስኮ የተባለው ድርጅት ነው። ክላምኤቪ በይበልጥ የሚያገለግለው በደብዳቤ ሰርቨሮች ላይ የሚያልፉ አባሪዎችን ለመፈተሽ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ምልክቶችም አብዛኞቹ የዊንዶውስ ክፉ ፕሮግራሞች ናቸው። ፋይል ሲከፈት ወዲያውኑ እንዲፈትሽ ማድረግ ይቻላል፤ ሳይታዘዝ ግን አያደርገውም።

ፀረ ቫይረስ ራሱም ዋጋ አለው። በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለማንበብ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ከማይታወቅ ስፍራ የመጣን ማንኛውንም ዓይነት ፋይል ፈትቶ ማየት ደግሞ ሥራው ነው። ይህ ለአጥቂ የተመቸ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በክላምኤቪ ውስጥ የተገለጸው ጉድለት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ በልዩ ጥንቃቄ የተዘጋጀ የዲስክ ምስል እንዲፈትሽ የተሰጠው እንደሆነ የአጥቂውን ትእዛዝ ሊፈጽም ይችል ነበር። ጉድለቱ ወዲያው ታርሟል። ዘበኛም ቁልፍ ስለሚይዝ፣ መቅጠር ሲያስፈልግ መቅጠር እንጂ ለይምሰል ማቆም ጉዳት አለው።

ታዲያ ለማን ያስፈልጋል? ለሌሎች ሰዎች ፋይል ወይም ደብዳቤ የሚያስተላልፍ የሊኑክስ ሰርቨር ላለው መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። በሕክምና ትምህርት እንደሚታወቀው አንዳንድ ሰው የታይፎይድን ጀርም ራሱ ሳይታመም ለሌሎች ያስተላልፋል። የሊኑክስ ኮምፒዩተርም እንዲሁ የዊንዶውስን ቫይረስ ራሱ ሳይጎዳ ተሸክሞ፣ በፍላሽ ወይም በኢሜይል ለጎረቤት ሊያደርስ ይችላል። አንዱ ፍላሽ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በሚዘዋወርበት ቢሮ፣ ማተሚያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ይህ የዘወትር ጉዳይ ነው፤ እዚያ ፍላሾችን በክላምኤቪ መፈተሽ ለጎረቤት የሚደረግ ጨዋነት ነው። ዋይን በተባለው መሣሪያ የዊንዶውስን ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ የሚያስነሣ ሰውም ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ዋይን እንደ ተለመደው ሲጫን የተጠቃሚውን ማኅደር ለእነዚያ ፕሮግራሞች ክፍት ያደርጋል፤ የዊንዶውሱ ቫይረስ ከነሰነዶቹ ያገኘዋል። የገንዘብ ካርዶችን የሚያስተናግዱ ድርጅቶችን የመሰሉ ተቋማት ደግሞ የሙያቸው ደንብ ስለሚያስገድዳቸው ይጭናሉ፤ እነርሱን የሚመለከተው ክርክር ሌላ ነው።

ፕሮግራሞቹን ከግምጃ ቤቱ የሚያወጣ፣ ሥርዓቱን በየጊዜው የሚያዘምንና ከዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ጋር እምብዛም ፋይል የማይለዋወጥ ሰው ግን ዘወትር የሚሠራ ፀረ ቫይረስ ባይጭን የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። ይህ ሲባል ያለ ጥበቃ ይኑር ማለት አይደለም፤ ጥበቃው በሌላ ስፍራ ይደረግ ማለት ነው። ማዘመን ከሁሉ ይቀድማል። «ደርቲ ካው» የተባለው የሊኑክስ እምብርት ጉድለት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሳይታወቅ ቆይቷል፤ በጃንዩዋሪ 2022 የተገለጸው «ፕዎንኪት» ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የነበረ ነው። ሁለቱም ተራውን ተጠቃሚ ወደ ሩት ሥልጣን የሚያወጡ መሰላሎች ነበሩ፤ ሁለቱንም የዘጋቸው እርማት በማዘመን የሚገኝ ነው። የድጋፍ ዘመኑ ባለፈ እትም የሚገለገል ሰው ይህን አያገኝም፤ ለምሳሌ የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትም በመደበኛ ሁኔታ የሚታረመው ለአምስት ዓመት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከማይታወቅ ድረ ገጽ የተቀዳን ትእዛዝ ትርጉሙን ሳያውቁ በሩት ሥልጣን አለማስነሣት ነው። ብዙ የሊኑክስ ጀማሪዎች ችግር ሲገጥማቸው በኢንተርኔት ያገኙትን አንድ መስመር ገልብጠው ይለጥፋሉ፤ የይለፍ ቃል ሲጠየቁም ይሰጣሉ። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1983 የተጠቀመበት በር ይኸው ነው። ፕሮግራሞችን በተወሰነ ክልል የሚያጥሩት፣ በኡቡንቱ አፕአርመር፣ በፌዶራ ሴሊኑክስ የሚባሉት መሣሪያዎችም ከሥርዓቱ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው፤ አንድ ፕሮግራም አልሠራ ሲል መላውን አጥር ማፍረስ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ማፍረሱ ግን የሚጠቅመው ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

የሰነድ ቅጂ ማስቀመጥም ከዚሁ ጋር ይታያል። ቅጂው ያለበት ሃርድ ዲስክ ዘወትር ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ የሚኖር ከሆነ፣ ሰነዶችን የሚቆልፍ ክፉ ፕሮግራም ዋናውንና ቅጂውን በአንድነት ይቆልፋቸዋል፤ ስለዚህ ዲስኩ ቅጂው እንዳለቀ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ መቀመጥ አለበት። ቅጂው እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀውም አንድ ሁለት ፋይሎችን ከዲስኩ ላይ መልሶ በመክፈት ነው፤ ይህም በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል።